ሊቀመንበሩን የሚያወርድ ሰው ጠፋ

ሰው ሥልጣን ላይ ለመውጣት ይለማመጣል፣ ያጎበድዳል፣ ሲብስበትም ወዳጁን ያሳጣል። በዳዳ ነገሳ ይህን ሁሉ ያደረገው ከሥልጣን ለመውረድ ነው። ከየካ ሚካኤል ወደ እንጦጦ ሲወጡ ባህር ዛፉ ሥር የተለጠፈችውን ቀበሌ ከተመሠረተች ጀምሮ ሲመራ ኖሮ፣ በ1981 ዓ.ም. በጋ ላይ አንድ ነገር ብቻ አማረው፤ መውረድ። ወንበሩን ለሌላ ሰጥቶ፣ መዶሻውንና መሮውን አንስቶ፣ ወደ ድንጋዩ መመለስ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ቀላል የሚመስለው ግን ያንን ዘመን ላላየ ሰው ነው።

አወጣጡም ቢሆን የጤና አልነበረም። የበዳዳ አባት የካ ላይ ገብስ ያርሱ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ማሳቸውን ሲውጠው ልጃቸው ድንጋይ መጥረብ ተማረ፤ ኋላም ግንበኛ ሆነ። በ1968 ዓ.ም. ቀበሌ ሲቋቋምና ሕዝቡ ሜዳ ላይ ለምርጫ ሲጠራ በዳዳ ከሥራው በቀጥታ መጣ፤ ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ጫማው ሁሉ የድንጋይ ዱቄት ለብሶ። ትርፍ ቤት የነበራቸው መመረጥ አይችሉም ተባለ፤ በዚህ ከሰፈሩ ሰው ብዙው ወጣ። የተማሩት ደግሞ የነገሩ አካሄድ ስላላማራቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አርፍዶ የመጣው በዳዳ መቀመጫ አጥቶ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። አስመራጩ አየውና፣ «ላብ አደር ማለት እንዲህ ነው» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። በዳዳም አብሮ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ አጠገቡ የነበረውን ባለሱቅ ሙዘይንን፣ «ማን ተመረጠ?» ብሎ ጠየቀው።

«አንተ ነህ» አለው ሙዘይን። «ማን መስሎህ ነው የምታጨበጭበው?»

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ዲንቄ እንኳን ደስ አለህ አላለችውም። «የአጥራችን ግንብ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። ያ ግንብ እስከዛሬ አላለቀም።

በዳዳ ሊቀመንበር ሆኖ የሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ ግማሹን የሠራው በስህተት ነው። ከስህተቶቹ ሁሉ ስም ያወጣለት የሲሚንቶው ነው። ያ ክፉ ዓመት ከመግባቱ በፊት፣ ወጣት ሁሉ በቀን እንኳ መንገድ መሄድ መፍራት ሲጀምር፣ የቀበሌዎች የበላይ ከሆነው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እያንዳንዱ ቀበሌ እስር ቤት ይኑረው የሚል ትእዛዝ መጣ። በዳዳ ራሱ ገነባው። ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ ጠባብ፣ ገና ሲያዩት የሚያስፈራ ቤት ነበር። ወዲያው ለአዳራሹ ማሠሪያ የሚሆን ሲሚንቶ መጣለት፤ ደረቅ ቦታ የለኝም ብሎ እስር ቤቱ ውስጥ እስከ ጣራው ድረስ ደረደረው። ጣራው ላይ ግን አንድ ቆርቆሮ ጎድሎ ኖሯል። ክረምቱ ገባ፤ እንጦጦ ሥር ያለ ክረምት ደግሞ እንዴት እንደሚዘንብ የታወቀ ነው። መስከረም ላይ እስረኛ ይዘው የመጡት ሰዎች በሩን ከፍተው ሌላ ግድግዳ አገኙ። ሲሚንቶው ከወለል እስከ ጣራ አንድ ድንጋይ ሆኖ ነበር።

ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠራ። «ጓዶች፣ ሲሚንቶ ውሃ እንደማይወድ አላወቅሁም ነበር» አለ። ይህን ያለው ጎልማሳነቱን በሙሉ ግንበኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ሰሚዎቹ ሲሚንቶ በእጃቸው ነክተው ስለማያውቁ አመኑት፤ «ጓዱ የቴክኒክ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ብለው ተዉት። ሰፈሩ ያን ዓመት ያለ እስር ቤት አለፈ። ሁሉም ልጅ ተረፈ ማለት አይደለም፤ ወደ ሌላ ቀበሌ ተወስደው በዚያው የቀሩ አሉ፤ እናቶቻቸውም ዛሬ ድረስ አሉ። ግን ማስቀመጫ ቦታ ጠፍቶ ከበር የተመለሰም ልጅ ብዙ ነው። በዳዳን ሆን ብለህ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁት «ረሳሁ» ይላል። ዲንቄ ግን፣ «እሱ እኔን ይረሳል እንጂ ጣራ ረስቶ አያውቅም» ትላለች።

ቅስቱ ግን እውነተኛ ስህተት ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርለትም። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በየቀበሌው ቅስት ይቁም ሲባል ሌሎቹ በእንጨትና በጨርቅ ሠሩ። በዳዳ ግንበኛነቱ ተነሳበትና በጥርብ ድንጋይ ሠራው። የሚያምር ቅስት ነበር፤ ችግሩ ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ከሥሩ ማለፍ አለመቻሉ ነው። የአብዮት ቅስት ማፍረስ ደግሞ ፀረ አብዮት ስለሚያሰኝ ከብዙ ስብሰባ በኋላ መንገዱን ወደ ታች ቆፈሩት። ቦቴው አለፈ። ክረምት ሲመጣ ጉድጓዱ ውሃ ያዘና ሕዝቡ በአብዮቱ ቅስት ሥር ሱሪውን እየሰበሰበ መሻገር ጀመረ። «ሌላው ቀበሌ መብራት ገባለት፣ እኛ ባሕር ገባልን» ይል ነበር ሙዘይን። ሙዘይን ይህን ሲል የራሱ ሱቅ ቀርቶ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና በራሽን የሚያድል ሻጭ ሆኗል፤ ወረፋ የያዘ ሰው ደግሞ ለሻጭ ቀልድ መሳቁ ግድ ነው።

እንጦጦ ላይ እንጨት ለሚለቅሙት ሴቶች ያደረገው ግን ስህተት የለበትም። ጫካው የመንግሥት ሆኖ ጥበቃዎቹ ሸክማቸውን እየነጠቁ ሲያስለቅሷቸው፣ በዳዳ ሴቶቹን ሁሉ «የቀበሌው ዳቦ ቤት ማገዶ አቅራቢዎች» ብሎ ሰየማቸውና ማኅተም ያለበት ወረቀት አስያዛቸው። ቀበሌው ዳቦ ቤት ኖሮት አያውቅም። ጥበቃዎቹ ጫካ ውስጥ ሆነው ይህን ከየት ይወቁ፤ ማኅተሙን አይተው ያሳልፏቸው ጀመር። ሴቶቹ ለበዳዳ ይጸልዩለት ነበር።

ከነዚህ ሴቶች አንዷ ደብሪቱ ናት፤ ያ ያላለቀው ግንብ የሚለየው የሷንና የበዳዳን ግቢ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን አባይነህን ያሳደገችው በዚያው እንጨት ነው። ልጁ ጉልበት ካወጣ በኋላ ወደ ማታ ላይ ዳገቱ አጋማሽ ድረስ ወጥቶ ሸክሟን ይቀበላታል። እሷም ጀርባዋን እያፍታታች፣ ባዶ እጇን እያወዛወዘች፣ ልጇን እየተከተለች ትወርዳለች። ከቀኑ ሁሉ የምትወደው ያችን ቁልቁለት ነበር። አባይነህና የበዳዳ ልጅ ጉተማ እኩያሞች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቤት ምሳ እየበላ ያደጉ።

የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ ከፍተኛው ለየቀበሌው ይህን ያህል ወጣት አምጡ ብሎ ደለደለ። በዳዳ ይህን ቀድሞ ሰምቶ ጉተማን በእንጦጦ ጀርባ አሳልፎ ሱሉልታ አክስቱ ዘንድ ላከው። ለጠየቀው ሁሉ «እህቴ አጫጅ አጥታ ነው» አለ። የአጨዳው ወቅት ግን ካለፈ ቆይቶ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ከተደለደለው አንድ ሰው ጎደለ። አብዮት ጥበቃዎቹ ወጡና አባይነህን የእናቱን ሸክም ሊቀበል ዳገቱን ሲወጣ አግኝተው ይዘውት መጡ።

በዳዳ ቢሮው ውስጥ ነበር። ልጁ ባሏ የሞተባት ሴት አንድ ልጅ መሆኑን መናገር ይችል ነበር፤ እንዲህ ያለ ቃል ከሱ አፍ ወጥቶ ሰው ያስለቀቀበት ጊዜ አለ። ግን አባይነህ ቢለቀቅ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቆታል፤ የርስዎስ ልጅ የት ነው የሚለውን። ስለዚህ ዝም አለ። ልጁ መኪናው ላይ ሲሳፈር ዞር ብሎ፣ «ጋሼ በዳዳ፣ ለእማዬ ይንገሩልኝ፤ ዳገቱ ላይ ትጠብቀኛለች» አለው። በዳዳ ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ። ከዚያ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋና እስኪመሽ ተቀመጠ። አልነገራትም። ፈሪነት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ደብሪቱ ቆማ ቆማ ሲታክታት ሸክሟን ራሷ አወረደች፤ ወሬውን የሰማችው ከሰው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሽ በዳዳ» ማለቱን ትታ «ጓድ ሊቀመንበር» ትለው ጀመር። ሰላምታዋ አልጎደለም፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። መጀመሪያ ግድም ከሰሜን ደብዳቤ ይመጣላት ነበር፤ ኋላ ቆመ። አሁን ደግሞ አዲስ ዙር ሊመጣ ነው ይባላል። በዳዳ ያንን ነገር ሁለተኛ ማድረግ አልቻለም። ከሌላ እናት ልጅ ፊት እንደገና ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ለሰው ግን «ጉልበቴ ነው» ይላል።

እውነትም መጀመሪያ የሞከረው በጉልበቱ ነው። ከሐኪም ወረቀት አምጥቶ መቀመጥና መነሳት እንዳቃተው አስረዳ። ከፍተኛው አዘነለትና ስፖንጅ ያለው ወንበር ላከለት። ሁለተኛ በግለ ሂስ ሞከረ። ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ሰነፍ ነኝ፣ ንቃቴ ዝቅተኛ ነው፣ ቢሮክራት ነኝ፣ ከብዙኃኑ ተነጥያለሁ አለ፤ የሰማውን ክፉ ቃል ሁሉ ትርጉሙን ሳያጣራ ራሱ ላይ ጫነው። ራሱን በዚህ ድፍረት የተቸ ሰው አላየንም ተባለና «በግለ ሂስ አርአያ» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ተሸለመ። ዲንቄ ወረቀቱን ወስዳ የዶሮ ቤቷን መስኮት ደፈነችበት። ዶሮዎቹ ብርድ አልነካቸውም።

በመጨረሻ ወደ ካድሬው ሄደ። ካድሬው ከበበ ይባላል፤ ከከፍተኛው የተመደበ፣ ካኪ ልብሱን በየቀኑ የሚያስተኩስ፣ ልጅ እግር ነው።

«ጓድ በዳዳ» አለው ከበበ፣ «ሥልጣኑ የርስዎ አይደለም፣ የብዙኃኑ ነው። የራስዎ ያልሆነውን እንዴት ይለቃሉ? ሰው ሂስ ያቅርብብዎትና ያን ጊዜ እናየዋለን።»

«ስንት ሂስ ይበቃል?»

«ጥራቱ ነው እንጂ ብዛቱ አይደለም።»

እንግዲህ አንድ የመንግሥት ሹም ስሙን የሚያጠፋለት ሰው ፍለጋ በየቤቱ መዞር የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የሄደው ኅብረት ሱቅ ነው። ሙዘይን ሳሙና እየደረደረ አገኘው።

«እሁድ ስብሰባ ላይ ተነስተህ አንድ መጥፎ ነገር ተናገርብኝ» አለው።

«ምን ልበል?»

«የፈለግከውን። ስንት ዘመን አብረን ኖረን አንድ ጥፋት ታጣልኛለህ?»

«ቅስቱን ላንሳ?»

«ቅስቱን ተው። እሱ አብዮቱን ይነካል።»

«ሲሚንቶውንስ?»

«አብደሃል? እሱማ ያሳስረኛል።»

«እንግዲያው ለስብሰባ የሚሆን ጥፋት የለህም» አለ ሙዘይን። አሰብ አደረገና ደግሞ፣ «ታንኮራፋለህ። ባለፈው ጽሑፍ ሲነበብ ካድሬው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር አንተም ከፍ ታደርግ ነበር» አለ።

«እሱ ጥሩ ነው። እሱን ተናገር።»

«ኋላ አታኮርፈኝም?»

«ካወረድከኝ የዒድ በግህን ራሴ ጎትቼ አመጣልሃለሁ።»

ከዚያ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ወርቅአየሁ ዘንድ ሄደ። ወርቅአየሁ ገና ሳይጨርስ እሺ አለችው፤ ፍጥነቷ ራሱ ቅር አሰኘው።

«ሴቶችን ዝቅ አድርገው ያያሉ እላለሁ» አለች።

«እኔ?»

«ታዲያ መውረድ አይደል የፈለጉት?»

«ነው፤ ግን እኔ መቼ ነው ሴት ዝቅ ያደረግሁት? ማገዶውን ማን ነው ያስለቀቀላችሁ?»

ወርቅአየሁ በሩን ያዘች። «ጋሽ በዳዳ፣ መጀመሪያ ከራስዎ ጋር ይስማሙና ይምጡ» ብላ ገባች።

ቤቱ ሲደርስ የሆነውን ሁሉ ለዲንቄ ነገራት። ዲንቄ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችው። «እኔ ብናገር ኖሮ ከአንተ አልፎ ከፍተኛውም ይወርድ ነበር» አለች። ወዲያው ግን ቢላዋውን አስቀመጠችና ወደ ኦሮምኛዋ ተመለሰች፤ ቁም ነገር ስትይዝ እንዲያ ናት። ደብሪቱ ዘንድ እንዳትሄድ አለችው። እሷ አፏን ከከፈተች ጉተማን ሱሉልታ ድረስ ሄደው ያወጡታል፣ አንተንም እስር ቤት ያስገቡሃል አለችው። በዳዳ አልሄድም አለ። ሲናገርም ከልቡ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ልይ ብሎ ወደ ዳገቱ ወጣ። ሊቀመንበርነቱ ነገ የሚያበቃ ከሆነ ሰኞ የሚጠርበውን ከወዲሁ መምረጥ ፈልጎ ነው። ከባህር ዛፉ መሀል ደብሪቱ ሸክሟን ተሸክማ ብቅ አለች። ጎንበስ ብላ ስለምትሄድ ያየችው ጫማውን ነው፤ በጫማው አወቀችውና ቆመች። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ወዴትም ማለፍ አይቻልም።

«ልያዝልሽ» አለና እጁን ዘረጋ።

«ይተዉት፣ ጓድ ሊቀመንበር። ተቀባይ አለኝ።»

በዳዳ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ኪሱ ከተተው።

«ነገ ስብሰባ አለ» አለ።

«ሰምቻለሁ። ሊወርዱ ነው አሉ።»

ዝም ብሎ ቢያልፍ ይችል ነበር። ዲንቄ ያለችውን አልረሳም። ግን ሴትዮዋ ከሸክሙ ሥር ቀና ለማለት ስትታገል አየ፤ የአንገቷን ሥር አየ። ዝም ብሎ ማለፉን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አድርጎታል።

«ያለሽን ተናገሪብኝ» አላት። «ሁሉንም።»

«የሱሉልታውንም?»

በዳዳ አጫጅ ጠፍቶ ነው ያለውን ወሬ ሰፈሩ በሙሉ አምኖለት የኖረ ይመስለው ነበር። እሷ አውቃው ኖራለች፤ ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቀች ሰላም ስትለው ኖራለች።

«እሱንም» አለ።

«እመጣለሁ» አለችና መንገድ እንዲለቅላት ጠበቀች። ለቀቀላት።

ማታውን ለዲንቄ ነገራት። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። በማግስቱ ማለዳ ወንድሟን ጠርታ ስንቅ ቋጥራ ወደ ሱሉልታ ላከችው፤ ጉተማ ከዚያም አልፎ ይራቅ ብላ። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ከባሏ ቀድማ ወደ አዳራሹ ሄደች።

አዳራሹ ሞልቷል። ስብሰባ የቀረ ሰው ስኳር ስለሚቀርበት ሁልጊዜም ይሞላል። መፈክሩ ተባለ፤ ግራ እጅ ወጣ ወረደ። ከበበ ተነስቶ የዕለቱ አጀንዳ በጓድ ሊቀመንበሩ ላይ ሂስ ማቅረብ መሆኑን ገለጸ፤ «ሆኖም ሥርዓቱን ጠብቀን እንሂድ፣ መጀመሪያ ጠንካራ ጎን፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን» አለ። በዳዳ ይህን ሁሉ ዓመት ስብሰባ መርቶ፣ ሂስ ከጠንካራ ጎን እንደሚጀመር ረስቶት ነበር።

ሙዘይን ተነሳ። «የጓድ ሊቀመንበሩን ጠንካራ ጎን ስንመለከት» ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣ። ስለ ውሃው ተናገረ፤ ስለ አዳራሹ ተናገረ። ሚስቱ ረሂማ ምጥ ጠንቶባት መኪና ሲጠፋ፣ በዳዳ የገዛ ቤቱን በር ነቅሎ፣ እሷን በሩ ላይ አስተኝቶ ከግንበኞቹ ጋር ተሸክሞ እንዴት እንዳወረዳት ተናገረ። እዚህ ላይ በእጁ ጀርባ ዐይኑን ጠረገ። «እኔ እንግዲህ» አለና ተቀመጠ።

«ደካማ ጎንስ?» አለ ከበበ።

ሙዘይን በዳዳን አየው። «ያንኮራፋሉ» አለ ከመቀመጫው ሳይነሳ።

«ድካም ነው» አለ ከበበ። «ለብዙኃኑ ሲደክሙ ውለው ነው።» ተጨበጨበ።

ወርቅአየሁ ተነሳች። እሷ እንኳ ጠንካራ ጎኑን በአጭሩ ቀጨችው። ነገር ግን ሴቶችን ዝቅ አድርገው ያያሉ ከማለቷ እንጨት ለቃሚዎቹ ከኋላ ተንጫጩባት፤ ውሸት ነው አሏት፣ ደግሞ አንቺ መቼ ነው እንጨት የተሸከምሽው አሏት። በዳዳን ልትተች ተነስታ ራሷ ተተችታ ተቀመጠች። በዳዳ በስፖንጁ ወንበር ላይ እየሰመጠ ሄደ። ከበበ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር ደብሪቱ ተነሳች።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሰፈር ነውና በሷና በበዳዳ መካከል ያለውን ሁሉም ያውቃል። ዲንቄ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘች።

«ከጠንካራ ጎን ይጀምሩ፣ እናት» አለ ከበበ።

«እሱን ሌሎቹ ተናግረውታል» አለች ደብሪቱ። «እኔ ያለኝ ደካማው ነው። ልጄ ሲሄድ ለእናቴ ይንገሩልኝ ብሎ ለኚህ ሰው አደራ ሰጥቷቸው ነበር፤ እዚያ የነበረ ጥበቃ ነግሮኛል። አልነገሩኝም። ቢሮ ገብተው ተቀመጡ። እኔ ሸክሜን ይዤ ዳገቱ ላይ ቆሜ እስኪጨልም ጠበቅሁ። ልጄ አርፍዶብኝ ስለማያውቅ የሆነ አውሬ ያገኘው መስሎኝ ጫካው ውስጥ ስጣራ አመሸሁ።»

በዳዳ ወለሉን እያየ የሱሉልታውን ጠበቀ። ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው፤ ከሱ በኋላ መውረድ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ያበቃል። መጠበቁ ከመስማቱ የባሰ ሆነበትና ቶሎ በተናገረችው ብሎ ተመኘ።

ደብሪቱ ግን እዚያ ላይ አቆመች።

ከበበ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለዚህ ይውረዱ ነው የሚሉት?»

«አይወርዱም» አለች ደብሪቱ። «ከልጄ ወሬ ሲመጣ በዚህ ቢሮ በኩል ነው የሚመጣው፤ ደግም ይሁን ክፉ። አባይነህን የማያውቅ አዲስ ሹም ወረቀት ይዞ በሬን እንዲመታ አልፈልግም። ያን ቀን ያልነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ይኼኛውንም እሳቸው መጥተው ይነግሩኛል። ዐይኔን እያዩ። እስከዚያ ከቦታቸው እንዳይነሱብኝ።»

ተቀመጠች። ከበበ የገባው ሌላ ነገር ነው፤ ፊቱ በራ። የጀግና እናት በሊቀመንበሩ ላይ ያላትን እምነት ሰማችሁ አለና ራሱ ማጨብጨብ ጀመረ። ከሱ ሌላ ያጨበጨበ አልነበረም፤ አፍሮ ተወው። «እንግዲህ ጓድ በዳዳ ይቀጥሉ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሙዘይን ወደ በዳዳ ዞሮ ምን ላድርግልህ በሚል ዐይን ጠበቀው። ዲንቄም አየችው። አሁን አንድ ቃል ቢናገር፣ ቢለምን፣ አዳራሹ ያዝንለትና ያወርደው ነበር፤ ሰኞ ድንጋዩ ላይ ይውላል፤ አዲሱን ዙርም የደብሪቱንም ወረቀት ሌላ ሰው ይቀበለዋል። በዳዳ ከወንበሩ ተነስቶ ደብሪቱ ወደተቀመጠችበት ዞረ። እሷ አላየችውም፤ ፊት ለፊቷን እያየች ነበር።

መጀመሪያ የወጣው እጅ የሱ ነው። ቀጥሎ የዲንቄ ወጣ።